የብርሃን ፍሬና የእናቴ የሰንበት ሰዓት

አባቴ የምሠራበትን ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። ከቤታቸው እስከ ምርምር ተቋሙ በር ቀስ ብሎ በእግር የሚደረስ መንገድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከተማችንን ረሆቮትን ከባቡር ጣቢያው እስከ ቂርያት ዔቅሮን መግቢያ ድረስ በእግራቸው ሲለኳት የሚውሉ ሰው ናቸው። አዲስ የሚሠራውን ፎቅ ሁሉ ቆመው ይመረምራሉ፤ ግንበኛው ግድግዳውን ካጣመመ እዚያው ይነግሩታል። የማንንም ሥራ ያያሉ፤ የልጃቸውን ብቻ ዘለሉት። እኔ ደግሞ ዶክቶራቴን ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረኝ፤ አባቴ አንድ ቀን መጥተው የደከምኩበትን ነገር በዓይናቸው እንዲያዩልኝ።

ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው። ሰንበት የማያርፍ ቤት አልገባም ይላሉ።

ይህን የሚሉት ለነገር ብለው አይደለም። አባቴ ሰንበትን የሚቀበሉት ከጎንደር ይዘውት በመጡት ሥርዓት ነው። እዚህ አገር አብዛኛው ሰንበት አክባሪ፣ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያበራውን መብራት እንደበራ ይተወዋል፤ የተከለከለው አዲስ ማብራት ነው ይላል። የኛ ሰዎች፣ የጎንደር አይሁዶች፣ ባገራቸው ሳሉ ግን እሳቱን ጨርሰው አጥፍተው ነበር ሰንበትን የሚጠብቁት። ምድጃው ቀዝቃዛ፣ ኩራዙ የጠፋ፣ ምግቡ የተቀመጠ። አባቴ እዚህ አገር ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ አሁንም ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሳሎኑን አጨልመው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቁጭ ይላሉ። ልጆች ሳለን ከጎረቤት መስኮት ሁሉ ብርሃን ሲወጣ የኛ መስኮት ብቻ ጥቁር ነበር፤ የሠፈሩ ልጆች መብራት የተቆረጠብን ይመስላቸው ነበር። መጀመሪያ ምንም አይታየንም። ቆይቶ የጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከዚያ የዳቦው ቅርጽ፣ ከዚያ የአባቴ እጅ ይታየናል። አባቴ ያገር ቤቱን ጨዋታ የሚያመጡትም ያኔ ነው፤ በብርሃን እንዲያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

እናቴ ግን ሌላ ናት። ከአውሮፕላን እንደወረደች ፕላታ ከሚሉት ምግብ ማሞቂያ ጋር ፍቅር ያዛት። በየሰንበቱ ቀዝቃዛ ስትበላ ያደገች ሴት ናትና አልፈርድባትም። ከፕላታው ጋር ደግሞ ሻዖን ሻባት የሚሉት፣ የሰንበት ሰዓት ማለት ነው፣ አብሮ ይገዛል፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ዙሪያውን ባሉት ጥቃቅን ጥርሶች ለሳምንቱ ሁሉ እንደተሞላለት፣ በሰዓቱ ኤሌክትሪክ ይለቅቃል፣ በሰዓቱ ይቆርጣል። ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነካ ወጡ ይሞቅለታል። አባቴ ይህን «ለእግዚአብሔር ማታለያ» ብለው ነበር የሰየሙት። ብዙ ከተኮራረፉ በኋላ ታረቁ፤ እርቁም እንዲህ ነው። ዓርብ ማታ የአባቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት የእናቴ። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ በቤቱ ውስጥ የሚነድ ነገር አይኖርም፤ ቅዳሜ ጠዋት ኩሽናው በሩን ዘግቶ የራሱን ሕይወት ይኖራል፤ አባቴም የወጡን ሽታ እንዳልሸተቱ ሆነው ቀዝቃዛቸውን ይበላሉ።

አሁን ደግሞ የኔን ሥራ ልናገር፤ ለእናቴ ማስረዳቱ ከሥራው ራሱ ከብዶኝ ነበር። ብርሃን እንዲሁ ሲያዩት እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስላል። እየቀነሱ እየቀነሱ ሲሄዱ ግን ፍሬ ፍሬ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዷ ፍሬ ፎቶን ትባላለች፤ ከሷ ያነሰ ብርሃን የለም። የኔ ሥራ አንዲት ፍሬ ስትወድቅ «መጣች» ብሎ የሚናገር መሣሪያ መሥራት ነው። በተለይ ደግሞ ዓይን የማያየውን፣ አቅሙ የደከመውን የብርሃን ዓይነት የሚይዝ።

መሣሪያው የሚጀምረው ከፕላስተር ነው። የእርሳስ ጥቁሩ ከሚሠራበት ማዕድን ቁራጭ ይወሰድና በተለጣፊ ፕላስተር ይላጣል፤ የተላጠው እንደገና ይላጣል፤ እንደገና። ዕድል ከቀናች በመጨረሻ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ቅጠል ይቀራል፤ ግራፊን ይሉታል። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ እዚህ አገር ፕላስተር ለሚቀድ ሰው ዶክተር የሚል ማዕረግ ይሰጣሉ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ያንን ቅጠል በሁለት የብረት ጫፎች መካከል እንደ ድልድይ እንዘረጋዋለን። ብረቶቹ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት ናቸው፤ በደንብ ከቀዘቀዙ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም እንቅፋት ያልፍባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከጣሪያ በተንጠለጠለ ትልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ብርድ ከዋክብት መካከል ካለው ብርድ ይብሳል። አንዲት ፎቶን ግራፊኑ ላይ ስታርፍ፣ ቅጠሉ ከመሳሳቱ የተነሣ ባንዴ ይሞቃል፣ ድልድዩ ለቅጽበት ይሰናከላል፣ ኮምፒውተሩም ይመዘግበዋል። እኔ በየመሰናከሉ «ቀጭ» እንዲል አድርጌው ነበር። አማካሪዬ ልጅነት ነው አለኝ፤ እሱም ራሱ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ።

ችግሩ መሣሪያው ምንም ብርሃን ሳይመጣም ቀጭ ማለቱ ነው። ባቡር በጣቢያው ሲያልፍ ቀጭ። አሳንሰሩ ሲወጣ ቀጭ። አንድ ሰው ፎቁ ላይ ወንበር ሲጎትት ቀጭ ቀጭ። እውነተኛዋን ፎቶን ከሐሰተኛው ድምፅ መለየት ያቃተኝ ጊዜ በብስጭት ማቀዝቀዣውን በእግሬ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ረሆቮት ውስጥ ደግሞ ጸጥ ያለ ቀን አንድ ብቻ ነው። ባቡሩ የሚቆመው፣ አሳንሰሩ የሚያርፈው፣ ወንበር የሚጎትተው ሁሉ ቤቱ የሚቀመጠው በሰንበት ነው። ስለዚህ ዓርብ መሣሪያውን አዘጋጅተን እንሄዳለን፤ እሱ ብቻውን ይሠራል፤ እሑድ ጠዋት መጥተን የመዘገበውን እናነባለን። አባቴን ከደጃፉ ያስቀረውም ይኸው ነው።

የዶክቶራት ንግግሬ ቀን ተቆረጠ። አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ መምህራንም ዘመድም ባለበት፣ የሠራሁትን አስረዳለሁ፤ ከዚያ እጠየቃለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። ይመጣሉ ወይ አላልኩም፤ ይምጡልኝ አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ተሰበረ መሰለኝ፣ ምክንያቱም እንደ ወትሮው አልመጣም ብለው አልቆረጡም። ከዚያ ይልቅ ሽምግልና እንደተቀመጠ ሰው ወንበራቸውን አመቻችተው ምርመራ ጀመሩ።

መሣሪያሽ ሰንበት ምን ያደርጋል አሉ። ይጠብቃል አልኳቸው። ምን ይጠብቃል? ብርሃን። እሳት አለው? ኧረ የለውም፣ ከሱ የቀዘቀዘ ነገር ረሆቮት ውስጥ የለም። መብራትስ? ተሸፍኖ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። ይንቀሳቀሳል? ከተንቀሳቀሰ እኔ አለቀልኝ።

«ታዲያ ዓርብ ማታ እኔ የማደርገውን አይደለም እንዴ የሚያደርገው?» አሉ።

እናቴ ከኩሽና ሆና፣ ልዩነቱ መሣሪያው ወሬ አለማብዛቱ ነው አለች። አባቴ አልሰሙ መስለው ወደ ኮምፒውተሩ አለፉ። እሱ ይቆጥራል አልኩ። መቁጠር ሥራ ነው አሉ። ማሽን እኮ ነው ብል፣ በሬም ሰው አይደለም፣ ግን ሰንበት ያርፋል አሉኝ። እዚህ ላይ ተያዝኩ። የኮምፒውተሩ ነገር እራት እስኪቀርብ አከራከረን። በመጨረሻ፣ ሰንበት ቀን የዘነበ ዝናብ ደጅ የቆመ ጋን ውስጥ ቢጠራቀም፣ ጋኑ ሠራ ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋን አይሠራም አሉ። እንግዲያው ኮምፒውተሩ ጋን ነው አልኩ። ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ካዩኝ በኋላ ተቀበሉኝ። በሕይወቴ ከተከራከርኳቸው ሁሉ ያን ቀን ብቻ ነው የረታኋቸው።

አንድ ነገር ግን አልቀረልኝም። ብርሃኑን ማን ይልከዋል ብለው ጠየቁ። የምትልከው አንዲት ትንሽ ሌዘር ናት፤ ብርሃኗን ሊጠፋ እስኪደርስ አድክመን በቀጭን የመስታወት ክር ወደ ውስጥ እንሰድዳለን። ሰንበትም ትበራለች? ትበራለች። እንግዲህ እሷ እሳት ናት አሉ። ፍርዱንም ሰጡ፤ ብርዱ ይቀጥል፣ መሣሪያውም በጨለማ ይጠብቅ፣ ጋኑም ይጠራቀም። ሌዘሯ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጥፋ። አንድ ሰንበት እንዲህ ካለፈ ቤቱ አርፏል ማለት ነው፤ ያኔ እመጣለሁ አሉ።

ከደስታዬ ብዛት እራቴን ሳልበላ ሄድኩ። ነገሩ ለሳይንሱም የተመቸ ነበር፤ መሣሪያው ያለ ብርሃን ስንት ጊዜ በሐሰት እንደሚጮህ ማወቅ ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ሌዘሯ ጠፍታ ረጅም ጸጥታ ያስፈልጋል። አባቴና ፊዚክስ ባንድ ነገር ተስማምተው ያየሁት ያኔ ነው።

ዓርብ መጣ። ከቤተ ሙከራው ስወጣ ሌዘሯን አጥፍቼ ብሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ስግብግብ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጥቂት ጸጥ ያሉ ሰዓታት አሉ፤ እነሱን በብርሃን ልጠቀምባቸው ፈለግኩ። ሌዘሯ ደግሞ አሮጌ ናት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አትነጋገርም፤ ከተሰካች ትበራለች፣ ከተነቀለች ትጠፋለች። ቆሜ እንዳላጠፋት፣ አባቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ካልገባሁ ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ጠዋት ወደ እናቴ ሮጬ የሰንበት ሰዓቷን አበድሪኝ አልኳት። እናቴ ለትምህርቴ የማትሰጠው የላትም፤ ከፕላታው ነቅላ ሰጠችኝ። ጥርሶቹን ልነካካ ስል እጄን መታችው።

«አትንኪው፣ የተሞላ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያጠፋልሻል፤ ያላ፣ ሂጂ» አለች።

ሄድኩ፣ ሰካሁት፣ ሌዘሯ በራች፣ መሣሪያውን ዘግቼ ወጣሁ። ያን ዕለት ማታ በጨለማው ሳሎን አባቴ ከወትሮው የበለጠ ተጫወቱ። በየመሃሉ «ያም አሁን እንዲህ ተቀምጧል?» ይሉኛል። ተቀምጧል እላለሁ። ደስ ይላቸዋል።

እሑድ ጠዋት የተመዘገበውን ከፈትኩ። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ጸጥታ የሚገርም ነበር። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንዲት ቀጭ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጨለማ በኛ ቤተ ሙከራ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ደረስኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፤ ሳያቋርጥ ከቀትር በኋላ እስኪሆን።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ብርሃን ገብቷል ብዬ ደመደምኩ። መጋረጃውን አየሁ፤ ዝግ ነው። የመስታወቱን ክር የጠቀለልኩበትን ጥቁር ጨርቅ አየሁ፤ እንዳለ ነው። የጽዳት ሠራተኛው መጥቶ እንደሆነ የበር ጠባቂውን ጠየቅኩ፤ ማንም አልገባም አለኝ፣ እሱም ቅር አለው። ሌዘሯንማ ማን ይጠረጥራል? ጠፍታ ነበራ፤ እኔ ስደርስም ጠፍታ ነው ያገኘኋት። አማካሪዬን ደወልኩለት። ኪቡጽ በሚሉት የኅብረት እርሻ መንደር ያደገ፣ ሰንበትን በሜዳ ብስክሌት የሚያከብር ሰው ነው፤ ከሚኖርበት ከተማ ከቤኤር ያዕቆብ ቁርሱን ሳይጨርስ መጣ። ሁለታችንም አንገታችንን ማቀዝቀዣው ሥር አስገብተን ቀዳዳ እየፈለግን ሳለ እናቴ ደወለች።

እናቴ ስልክ ስትደውል ከሰላምታው በፊት ጉዳዩን ነው የምትናገረው። ሰዓቴን ዛሬ መልሺ አለች። ቅዳሜ የወንድሜ ልጆች መጥተው ሁሉም ቀዝቃዛ ወጥ በልተዋል፣ ልጆቹ አኩርፈዋል፣ አባቴ ደግሞ እንደ ድሮው በላን ብለው ቀኑን ሙሉ በደስታ ሲያንጎራጉሩ ውለዋል፤ እሷ ግን አንድ ሰንበት በቃኝ አለች። ጠዋት ጸሎት ሳይጀመር በርቶ፣ ከምሳ በኋላ ራሱ የሚያጠፋላት ሰዓት ናፍቋታል።

ስልኩን ዘግቼ ሌዘሯ የተሰካችበትን ሰዓት ሄጄ አየሁት። እናቴ ፀሐይ ስትጠልቅ ያጠፋልሻል ስትለኝ አልዋሸችኝም። ጠዋት እንደሚያበራ ያልነገረችኝ፣ የፕላታ ሰዓት ጠዋት እንደሚያበራ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብላ ስላልገመተች ነው። እኔም ሰዓቱን ሳየው ያደግኩ ሰው ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔን ነው። የአባቴና የእናቴ እርቅ በሙሉ እዚያ ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ተሞልቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን እርቅ ወስጄ ሌዘሬ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ለአማካሪዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። በጠዋቱ የመጡትን ቀጭታዎች ከሌዘሯ የደከመ ብርሃን ጋር አስተያየ። ልክ እኛ የጠበቅነው ያህል ናቸው። ያንኑ መሣሪያ፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው ጸጥታ፣ መጀመሪያ በጨለማ፣ ቀጥሎ በብርሃን፣ ሰው እጁን ሳያስገባበት አሳየን ማለት ነው። ዓመታት ሙሉ የፈለግነው ማስረጃ እሱ ነበር። አማካሪዬ እናቴን ከጽሑፉ አዘጋጆች ተርታ ስሟን አስገቢ አለኝ፤ ግማሹ ቀልድ ነበር።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሌዘሯ ሰንበት ቀን በርታለች። አባቴ ያኖሩልኝ አንድ ቃል ነበር፣ እሱም ተሰብሯል።

በዚያው ቀን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሰዓቱን ነገር ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ማታለያ ብዬሽ አልነበር ወይ ብለው ወደ ኩሽናው ጮኹ፤ እናቴም አንዳች ዕቃ አንኳኳች። ሳቃቸው ሲያልቅ ወደ ፍርዱ ተመለሱ። ማንም በእጁ አላበራትም፣ ስለዚህ ኃጢአት አልሠራሽም አሉኝ። ሆኖም ሰንበት የተለቀመ መና አይበላም። የጨለማው ሌሊት ያንቺ ነው፣ እሱን አሳዪ፤ ብርሃኑን ደግሞ ከስድስቱ ቀን ባንዱ ልቀሚ፤ ያኔ እመጣለሁ አሉ። ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሳምንቱን ሙሉ በብርሃን ለካሁ። ባቡሩ አላረፈም፣ አሳንሰሩ አላረፈም፣ ፎቁ ላይ ያለው ሰው ወንበር መጎተቱን ሥራዬ ብሎ ያዘው። የወጣልኝ ሥዕል ዶሮ የጫረችው አፈር ይመስላል፤ ፎቶኖቹ አሉ፣ ግን በጩኸቱ መካከል ናቸው፣ እነሆ ለማለት ብዙ ማስረዳት ይጠይቃል። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ሌላ ተማሪ ተረከበ፤ መሣሪያዬ ወጥቶ ሲሞቅ ያ ቅጠል ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ዕድል አልነበረም። በእጄ የቀረው አንድ ቆንጆ ሥዕልና አንድ አስቀያሚ ሥዕል ነው፤ ቆንጆውን ላላሳይ ቃል ገብቻለሁ። ለንግግሩ ስዘጋጅ፣ ምስጋና የሚቀርብበት የመጨረሻ ገጽ ካለፈ በኋላ ማንም በማያየው ቦታ አኖርኩት። መጣል አልሆነልኝም።

በንግግሬ ቀን አባቴ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከእናቴ ጋር ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ለትልልቅ ፕሮፌሰሮች በተተወው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማንም ሊያስነሣቸው አልደፈረም። ከጥያቄ አቅራቢዎቹ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

የጨለማውን ሌሊት ሳሳይ ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል አለ። አባቴም ያንን ቀጥ ያለ መስመር አይተው እናቴን በክርናቸው ነካ አደረጓት። ዓርብ ማታቸውን እያዩ መሆኑ ገብቷቸዋል። ቀጥዬ የሳምንቱን ቀን ብርሃን አሳየሁ። አዳራሹ ጨዋነት አሳየኝ፤ ማለትም ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጁን አወጣ። ጨለማው እንዲያ ንጹሕ ከሆነ፣ ለምን በዚያው ሰንበት ብርሃኑንም አልለካሽም፣ እንዲያ ያለ ውጤት የለሽም ወይ አለኝ። አማካሪዬ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

የለም አልኩ።

አባቴ ዕብራይስጥ የሚጠቅማቸውን ያህል ያውቃሉ፤ የለም የምትለዋን ቃል ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት እየተባሉ ኖረዋል። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቤታችን ሳሎን የተቀመጡ ያህል ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ በአማርኛ ተናገሩኝ።

«የማትቀምሺውን አትቅመሺው። ቤት ውስጥ የለም ብለሽ ግን እንግዳ አትመልሺ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ፕሮፌሰሩ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ አለ እያሉ ነው አልኩት። ከዚያ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ፕላታው፣ ስለ ጋኑም ሳይቀር ነገርኳቸው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እናቴም ወደ ኋላ ዞራ ሰዓቷ የሷ መሆኑን ለተቀመጡት ሁሉ አረጋገጠች። የምስጋናውን ገጽ አልፌ የተደበቀውን ሥዕል ከፈትኩ።

ሳቁ ቆመ። ሌሊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠዋት ላይ ብርሃኑ ይጀምራል፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ፣ ጩኸት ሳይቀላቀልባቸው፣ ልቅም ብለው ይታያሉ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሥዕሉ ላይ ተክሎ ነበር፤ ከአባቴ በቀር። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፍነውበታል። ሰንበት ከተለቀመው አይቀምሱም፣ በዓይናቸውም ቢሆን።

ያን ሁሉ ዓመት ስመኝ፣ መጥተው እንደዚህ ይቀመጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ተናደድኩም፣ ልስቅም ፈለግኩ፣ አልቅሽ አልቅሽም አለኝ። ሥዕሉን ልለውጥ እጄን ሳነሣ፣ ከኮፍያው ሥር ወደ እናቴ ዘንበል ብለው «ያምራል ወይ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ያምራል» አለቻቸው።

«በደንብ እዪልኝ» አሉ።

እጄን መለስኩት። እናቴ እስክትጠግብ ሥዕሉን እንደተከፈተ ተውኩት፤ የቀረውን ጥያቄ አማካሪዬ መለሰልኝ።